«አሪፍ ቤት ነው»፦ ስለ አንድ የምግብ ቤቶች ዝርዝር የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ልቦለድ፣ ግጥም ወይም ተውኔት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ግን ደራሲው ያልታወቀ፣ ማተሚያ ቤት ያልገባ፣ ሆኖም በግቢያችን ከብዙ ልቦለዶች ይልቅ አንባቢ ያገኘ አንድ ጽሑፍ ነው። ይኸውም በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ከዶርም ወደ ዶርም የሚዞረው፣ «የት እንብላ? የት እንጠጣ?» የሚል ርእስ ያለው የአራት ገጽ ዝርዝር ነው። ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያሉ 19 ቤቶችን ይጠቅሳል፤ ሽሮ ቤት አለ፣ ሥጋ ቤት አለ፣ ጠጅ ቤትና ግሮሰሪ አለ። የመጨረሻው ገጽ ስለ ወይን ጠጅ ነው።

«እንዴ! በዚህም ሂስ ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። እኛ ይጻፋል ባዮች ነን። ሰው አምኖ የሚከተለው ጽሑፍ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል። መጥፎ ልቦለድ ያነበበ ሰው ቢበዛ አንድ ሌሊት ቢያጣ ነው። በመጥፎ ምክር የሄደ ሰው ምን እንደሚያጣ ግን ዝቅ ብለን እናያለን።

በቅድሚያ በጎ ጎኑን እንናገር። የጸሐፊው ዐይን ንቁ ነው። ስለ አንዲት ሽሮ ቤት ሲጽፍ፣ ተጋቢኖው በሸክላ ድስት ቀርቦ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላም መንተክተኩን እንደማያቆም፣ የቸኮለ ሰው ምላሱን እንደሚጠበስ ያስጠነቅቀናል። ጠጅ ቤት ሲያስገባን ደግሞ ብርሌው በአንገቱ እንደሚያዝ እንኳ መናገር አልረሳም። እንዲህ ያለውን ነገር ተቀምጦ ያየ ሰው እንጂ በወሬ የሰማ አይጽፈውም።

ታዲያ ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ጉድለቱ «አሪፍ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ቆጥረናታል፤ በአራት ገጽ ውስጥ 27 ጊዜ ገብታለች። ሽሮው አሪፍ፣ ክትፎው አሪፍ፣ ድራፍቱ አሪፍ፣ አስተናጋጇም አሪፍ። ቃሏን በመሠረቱ አንጠላትም፤ እኛም ቀኑን ሙሉ አፋችን ላይ ናት። ነገር ግን አሪፍ የሆነው ለማን ነው? በየትኛው ቀን? በስንት ብር? ጽሑፉ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሸሽቷቸዋል።

ቀን ያልነው በከንቱ አይደለም። «አንደኛ ደረጃ» ተብለው ከተመረጡት ስድስት ቤቶች አምስቱ ሥጋ ቤቶች ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ጿሚው ምን ይብላ? 55 ቀን የሚቆየው ሁዳዴ ሲገባስ? ያን ጊዜ ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የቀሩትም ወደ በያይነቱ ይዞራሉ። ጥቅምት ላይ አንደኛ የተባለው ዝርዝር መጋቢት ላይ ባዶ ወረቀት ይሆናል ማለት ነው። ሙስሊም የሆነው የዶርም ጓደኛችን ደግሞ ሥጋ ቤት ደጃፍ ሲደርስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጣዕሙ ሳይሆን ስለ እርዱ ነው። ዝርዝሩ ይህን ስለ አንዱም ቤት አይነግረውም። እኅቶቻችንንም እንጠይቅ፦ ሁለት ሴት ተማሪዎች ለብቻቸው ተቀምጠው፣ ከጎን ያለ ሰካራም ሳይለክፋቸው፣ በሰላም በልተው የሚወጡበት ግሮሰሪ የትኛው ነው? መልስ የለም። ጽሑፉ «ወንድሜ ሆይ» ብሎ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከ«ወንድሜ» አልወጣም። በልቦለድ ሂስ ቋንቋ ብንናገር፣ ጸሐፊው አንባቢውን የሳለው በራሱ አምሳል ነው፤ ወንድ፣ ጾም የማይዘው፣ ስለ እርድ የማይጨነቅ፣ ኪሱም የማይጎድል።

ወደ ኪስ መጣን። አምና አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ ታላቅ እኅቱ ከክፍለ ሀገር ልትጠይቀው መጣች። ይህች እኅት እናቱ ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው ናት። ልጁ ወረቀቱን ገልጦ፣ «አሪፍ ቤት ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም» የተባለለትን አንድ ቤት መርጦ ወሰዳት። «እትዬ፣ ዛሬ እኔ ነኝ ጋባዡ፤ የፈለግሽውን እዘዢ» አላት። በሉ። ሒሳቡ ሲመጣ በኪሱ ያለው ግማሹንም አልሞላ። አስተናጋጁ ቆሞ ይጠብቃል። እኅትየው አንድም ቃል ሳትናገር መቀነቷን ፈትታ የመመለሻዋን የአውቶቡስ ገንዘብ አወጣችና ከፈለች። በማግስቱ እኛ ተሯሩጠን፣ ተበድረን ሸኘናት። ልጁ ከእኛ አንዱ ስለሆነ ስሙን አንጽፍም።

እዚህ ላይ ቤቱን አንከስም፤ ዋጋውን በግልጽ ጽፎ ያስቀመጠ ቤት ነበር። የምንከሰው «ዋጋው አይጎዳም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ነው። የማንን ኪስ ነው የማይጎዳው? ከቤቱ ወር በወር የሚላክለትን ነው ወይስ ነን ካፌ ሆኖ በሚሰጠው ብር ወሩን የሚገፋውን? በዚያ ዐረፍተ ነገር ቦታ አንድ ቁጥር ቢኖር፣ ከቁጥሩም አጠገብ የተጻፈበት ወር ቢጠቀስ፣ ልጁ እኅቱን ወደ ሽሮ ቤቷ ይወስዳት ነበር። ዋጋ ከነወሩ ካልተጻፈ ዋጋ አይደለም፤ ዘንድሮ የመስከረሙ ዋጋ ጥር ላይ እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላው ነጥብ የሌሉ ቤቶች ጉዳይ ነው። ከ19ኙ አራቱ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የነበሩ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ፈርሷል። ወረቀቱ ግን ከዓመት ዓመት ሳይታይ ስለሚገለበጥ፣ ዛሬም አዲሱን ተማሪ «በጠባቧ መንገድ ግባ፣ ሦስተኛዋ በር» ይለዋል። በር ወዴት አለ? ቅሬታችን ስለ ፈረሰ ቤት ለምን ተጻፈ አይደለም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት ጽፎ አቆይቶልናል፤ መጽሐፉን ይዞ እራት ፍለጋ የሚወጣ ግን የለም። ልቦለድ ያለፈውን ያቆያል፤ ምክር ደግሞ ዛሬ የሚከፈት በር ያሳያል። ያለን ቤት ማመስገን ምክር ነው፤ የሌለን ቤት ማመስገን ሙሾ ነው። ሙሾው ይጻፍ፣ እኛም እናለቅሳለን፤ ነገር ግን በሌላ ገጽ ይሁን።

በመጨረሻ ወደ ወይን ጠጁ ገጽ እንምጣ። እዚህ ላይ ያ ንቁ ዐይን ጨርሶ ተከድኗል። «የጥቁር ቤሪና የቫኒላ መዓዛ፣ የኦክ በርሜል ትዝታ ያለው» ይላል። ከዶርማችን ጥቁር ቤሪ ቀምሶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ! ይህ ከጠርሙስ ጀርባ የተገለበጠ ቋንቋ ነው። አገራችን ለወይን ጠጅ እንግዳ አይደለችም። የአዋሽ ፋብሪካ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ጉደር ደረቅ ቀይ፣ አክሱማይት ጣፋጭ ቀይ መሆኑን ሠርግ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። የፈረንሳዩ ካስትል ዝዋይ ላይ ሜርሎና ሲራ የመሳሰሉ የወይን ዝርያዎችን ተክሎ በ2006 ዓ.ም. ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉትን ለገበያ አቅርቧል። ብዙዎቻችን ቀዩን ከኮካ ጋር ቀላቅለን እንደምንጠጣም የታወቀ ነው። ጸሐፊው ይህችን ሳያውቃት ቀርቶ አይደለም፤ አፍሮ ነው የተዋት።

የሚያሳዝነው ደግሞ ቋንቋ አጥቶ አለመሆኑ ነው። የጠጅ ቤት ሰው ደረቅ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ ብሎ ይለያል፤ ጌሾው ሲበዛ ያውቃል፣ ብርዙን ከጠጁ፣ ማሩን ከስኳሩ ይለያል። አንድ ቀን አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ከብርሌው አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና፣ «ይቺማ ማር በመንገድም አላገኘች» ብለው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ያንን ጠጅ ማን ይጠጣል? በእኛ ግምት ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከሙሉው የወይን ገጽ ትበልጣለች። ተናጋሪው የቀመሱትን፣ በራሳቸው ቃል፣ ለጎረቤታቸው ሲሉ ነው የተናገሩት።

ከዚህ የምንረዳው መምከር ዋስ መሆን መሆኑን ነው። «እዚያ ሂድ» ያለ ሰው ለሚሄደው ሰው ኪስ፣ ሆድና ክብር ዋስ ገብቷል። ዋስ ደግሞ ስሙን ይፈርማል። ይህ ወረቀት ለዓመታት ሲዞር ከሥሩ የአንድም ሰው ስም የለበትም።

ነቅፎ ብቻ መሄድ የሂስ ወግ ስላልሆነ እኛም አንድ እንሞክር፦ ከአምስት ኪሎ ወረድ ብሎ፣ በቀኝ በኩል ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። ሽሮ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በጾምም በፍስክም ይሠራል፣ የእርድ ጥያቄም የለበትም። አንድ ሽሮ ከነእንጀራው በዚህ ዓመት ኅዳር 150 ብር። መጠጥ አይሸጥም፤ ሴት ተማሪዎች ለብቻቸው ሲበሉ ደጋግመን አይተናል። ወንበሩ ጠባብ ነው፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ የሄደ ሽሮው አልቆ ያገኘዋል። ባለቤቷ እሑድ አይከፍቱም።

«አሪፍ» የምትለዋን ቃል አልተጠቀምንባትም፤ የጎደለ ነገር ካለ አንባቢ ይፍረድ። የጓደኛችን እኅት ለጥምቀት ተመልሳ ትመጣለች ተብሏል፤ የምንወስዳት እዚያው ነው።