«ትርፍ» መብራት ስንት ምጣድ ያግላል? ቢትኮይንን ከጎንደር ሆነን ስንመረምረው

ጎንደር ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ ስልኩን ከፍ አድርጎ «መምህር፣ አንድ የቢትኮይን ዝውውር ለአንድ ቤተሰብ ሳምንታት የሚበቃ መብራት ይበላል ይላል፤ እውነት ነው?» አለኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ከኋላ ወንበር ሌላው መለሰለት፦ «ቢበላስ ምን ቸገረን? የኛ መብራት ከውኃ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ደግሞም ትርፍ ነው!» ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ግን ሁለቱንም አላመንኩም። ሁለቱም ወሬዎች በየማኅበራዊ ሚዲያው ስለሚዞሩ እስቲ አንድ በአንድ እንፈትሻቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስሙ ራሱ። እኛ አገር ሥራው በመንግሥት ወረቀት ላይ ሳይቀር «ዳታ ማይኒንግ» ይባላል። ይህ አጠራር ያሳስታል። በኮምፒውተር ሳይንስ ዳታ ማይኒንግ ማለት ከብዙ መረጃ መሀል ጠቃሚውን ፈልጎ ማውጣት ነው፤ የቢትኮይን ማሽን ግን ምንም መረጃ አይቆፍርም። ሥራው መገመት ነው። የቁጥር ቁልፍ ያለው ሳጥን አስቡ፤ ቁጥሩን የሚነግራችሁ የለም፣ ፍንጭም የለም፣ ያላችሁ አማራጭ እየቀያየሩ መሞከር ብቻ ነው። ከቅርቦቹ ማሽኖች አንዱ፣ አንትማይነር ኤስ21 የሚባለው፣ በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ጊዜ ገደማ ይሞክራል። በዓለም ካሉት ማሽኖች ሁሉ ቀድሞ ያገኘው ሽልማቱን ይወስዳል፤ ሽልማቱም ከሚያዝያ 2024 ወዲህ 3.125 ቢትኮይን ነው። የቀሩት ሙከራቸው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ለነገሩ የአሸናፊውም እንዲሁ።

ተንኮሉ ያለው ቀጥሎ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው መልሱ በአማካይ በየ10 ደቂቃው እንዲገኝ ተደርጎ ነው። ማሽን ሲበዛ መልሱ ቶሎ ቶሎ ይገኛል፤ ስለዚህ በየ2016 ብሎኩ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ቁልፉ ራሱን ያከብዳል። (2016ን የኛ ዓመተ ምሕረት እንዳታደርጉት፤ አጋጣሚ ነው።) ከዚህ የተነሣ መሐንዲሶች በግማሽ መብራት ያንኑ ያህል የሚገምት ማሽን ቢሠሩ እንኳ ጠቅላላ ፍጆታው በግማሽ አይወርድም። ሁሉም ተጨማሪ ማሽን ይገዛል፣ ቁልፉ ይከብዳል፣ እንደገና ወደነበርንበት። ፍጆታውን በዋናነት የሚወስነው የቢትኮይን ዋጋ እና የመብራት ዋጋ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ተማሪ መመለስ እንችላለን። «በአንድ ዝውውር ይህን ያህል መብራት» የሚባለው ቁጥር የሚገኘው ጠቅላላ ፍጆታውን ለዝውውሮቹ ብዛት በማካፈል ነው። ማካፈሉ ስሕተት የለበትም፤ ትርጉሙ ግን የለም። ነገ ማንም ሰው አንድ ሳንቲም ባያስተላልፍ ማሽኖቹ ያው ይገምታሉ። የዝውውሩ ቁጥር እጥፍ ቢሆንም ፍጆታው በዚያ ልክ አይጨምርም። ጠቅላላው ግን ትንሽ እንዳይመስላችሁ፦ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 ባወጡት ግምት በዓመት 138 ቴራዋት ሰዓት ነው፤ የዓለምን ኤሌክትሪክ ግማሽ በመቶ ያህል። ደግሞ ግዴታም አይደለም። ኤትሪየም የተባለው ሌላው ትልቅ ክሪፕቶ በመስከረም 2022 የግምት ውድድሩን ትቶ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ወደ ሁለተኛው እንምጣ፤ ይኸኛው የበለጠ ያስጨንቀኛል። ቻይና በ2021 ማይኒንግን ስትከለክል ማሽኖቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ተሰደዱ። በ2024 መጀመሪያ ብሉምበርግ እንደዘገበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 የቢትኮይን አምራቾች ጋር ተዋውሎ ነበር፤ 19ኙ የቻይና ናቸው። ያኔ የተጠቀሰው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል። (በቢትኮይን መገበያየትን ብሔራዊ ባንክ አይፈቅድም። ጠላ መጥመቅ ይቻላል፣ መጠጣት ግን ክልክል ነው እንደማለት።)

ቁጥሩን ወደ ጓዳችን እናምጣው። ኤስ21 ማሽን 3,500 ዋት ይስባል። የኤሌክትሪክ ምጣድም እዚያው አካባቢ ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጋገርበት ቤት 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። ማሽኑ ሌት ተቀን ስለማይተኛ በሳምንት 588 ይፈጃል። የሃምሳ ስድስት ቤት እንጀራ ማለት ነው። ለዚያ ሁሉ በቀን የሚከፍለው በ3.14 ሳንቲም ሂሳብ 2 ዶላር ከ64 ሳንቲም ነው።

«ግን እኮ ትርፍ ነው።» መብራት እንደ ጤፍ ጎተራ አይገባም፣ እውነት። ውኃ ግን ጎተራ አለው፤ ግድብ የሚባለው ያ ነው። ግድቡ ሞልቶ ውኃው ከላይ በሚፈስበት ክረምት ተርባይን ማዞር በእርግጥ የሚባክነውን ማዳን ነው። በሚያዝያ ግን ዛሬ በተርባይኑ ያላለፈ ውኃ ለነገ ይቀመጣል፤ ስለዚህ «ትርፍ» የሚለው ቃል ወቅት አለው። ማሽኖቹ ግን ወቅት አያውቁም። ጭነት ሲበዛ ሊጠፉ ይችላሉ የሚል መልስ አለ፤ ይቻላል፣ በነፃ ግን አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ ራዮት የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 2023 በሙቀቱ ወር ፍጆታውን በመቀነሱ ብቻ 31.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ክፍያና ቅናሽ አግኝቷል። እኛም አገር በ2025 የኤሌክትሪክ ኃይሉ ለአዳዲስ አምራቾች ፈቃድ መስጠት አቁሟል። ትርፉ አለቀ ማለት ነው።

«ንጹሕ» የሚለውንም እንየው። ከውኃ የሚመነጨው ኃይላችን ጭስ የለውም፤ በዚህ ከድንጋይ ከሰል ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን እነዚህ ማሽኖች ከዚያች አንዲት ስሌት በቀር ሌላ አያውቁም፤ ያረጁ ዕለት ለትምህርት ቤት ኮምፒውተርነት እንኳ አይሆኑም። መብራት ርካሽ ሲሆን ደግሞ ሌላ ቦታ የማያዋጣው አሮጌ ማሽን እኛ ጋ ያዋጣል፤ የመጨረሻ ማረፊያው እዚሁ ይሆናል ማለት ነው።

ደግሞ ጭስ አለ፣ በሌላ በኩል። ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ጎንደር በምትመጡበት መንገድ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶችን አይታችኋል። ይህ ከተማ ዛሬም በብዛት የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። ታዲያ ማሽኖቹ የምጣዳችንን መብራት ወሰዱት? እዚህ ላይ ለሚቆጡትም ጥያቄ አለኝ። ዛሬ ማታ ሁሉም ማሽን ቢጠፋ ዳባት ገጠር ውስጥ አንድ ምጣድ አይግልም፤ የጎደለው ግድቡ ላይ ያለው ኃይል ሳይሆን ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ቤት ያለው ሽቦና ትራንስፎርመር ነው። አምራቾቹ የሚሰፍሩት ከትልልቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ ስለሆነ ይህ ችግር አይነካቸውም። ስለዚህ ክርክሩ መሆን ያለበት 3.14 ሳንቲሟ ስንት ትራንስፎርመር ገዛች የሚለው ላይ ነው፤ ኬንያ ለምትገዛው ኃይል 6.5 ሳንቲም እንደምትከፍል እያስታወስን።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያ የኋላ ወንበር ተማሪ የቤታቸውን ምጣድ ኃይል አንብቦ መጣ። «3,600 ይላል፤ እናቴ ግን ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ ነው የምትጋግረው። ማታ መብራቱ ስለሚደክም አይግልም።» ሰሌዳው ላይ ሠራነው። የምጣድ ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይወርዳል፤ 220 ቮልት ወደ 176 ሲወርድ ቮልቴጁ የቀነሰው በአምስተኛ እጅ ነው፣ ኃይሉ ግን ወደ 2,300 ዋት ዝቅ ይላል። ምጣዱ ይሞቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። ልጁ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ገልብጦ «ለእናቴ ላሳያት» አለ።