ሦስተኛው መልስ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ በየካ ያሉ ብዙ ድርጅቶች ዛሬ ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድና የጨረታ ሰነድ በኢንተርኔት ይቀበላሉ። የእኔ ሥራ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከመክፈቷ በፊት የተላከው ፋይል የሚፈተሽበትን ሥርዓት መሥራት ነው።

ፋይል በስሙ አይታመንም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ውጭ አገር ላለ የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኛ በስካይፕ የተላከው ፋይል ፒዲኤፍ ይመስል ነበር፤ በእርግጥ ግን ፕሮግራም ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ መርምሮ የስለላ ሶፍትዌር መሆኑን አጋለጠ። እንዲህ ያለውን ለመያዝ የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች ማንበብ ይበቃል፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም «ኤምዜድ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምራል፣ ፒዲኤፍ ግን እንዲያ አይጀምርም። ቀጥሎ የተላከው ደግሞ የዎርድ ሰነድ ነበር፤ የተጠቀመው በራሱ በዎርድ ውስጥ በነበረ የደኅንነት ክፍተት ነው። እዚህ ላይ ዓይነቱን ማየት አይረዳም፤ ይዘቱን የሚመረምር ጸረ ቫይረስ የግድ ነው።

ብዙዎች የጸረ ቫይረስ መልስ ሁለት ይመስላቸዋል፦ አደገኛ ወይም ንጹህ። ሦስተኛው «መመርመር አልተቻለም» ነው፤ ሥርዓት የሚፈርሰውም በዚህ በኩል ነው። በፓስዎርድ የተቆለፈ ዚፕ ውስጡ አይታይም። 42 ኪሎባይት ሆኖ ሲፈታ 4.5 ፔታባይት የሚሞላ ዚፕ ስላለ፣ መርማሪው ከተወሰነ መጠን በላይ አይፈታም። በነፃ የሚገኘው ጸረ ቫይረስ ክላምኤቪ ደግሞ ካልታዘዘ በቀር ከገደቡ ያለፈውን ችግር እንደሌለበት ቆጥሮ ያሳልፈዋል።

ስለዚህ ደንቤ ይህ ነው፦ ማንኛውም ፋይል መጀመሪያ ለብቻው ማቆያ ይገባል፤ የሚወጣው ተመርምሮ ምንም ካልተገኘበት ብቻ ነው። ሊመረመር ያልቻለው «እባክዎ ያለ ፓስዎርድ ይላኩልን» ተብሎ ለላኪው ይመለሳል። ያለፈውም የተመረመረበት ቀን ይመዘገብለታል፤ ዛሬ ያልታወቀ ቫይረስ ነገ ይታወቃልና የቫይረስ ዝርዝሩ ሲታደስ እንደገና ይመረመራል። የደንበኛን ሰነድ ለማጣራት ተብሎ ቫይረስቶታል በተባለው የኢንተርኔት መመርመሪያ ላይ መጫን ግን ነውር ነው። እዚያ የተጫነ ፋይል ለሌሎች የደኅንነት ኩባንያዎችም ይደርሳል፤ እኛ ደግሞ የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን።

የድርጅት ባለቤቶች ሶፍትዌር ሲያሠሩ አንድ ነገር ቢጠይቁ እወዳለሁ፦ ጸረ ቫይረሱ ሥራ ባቆመ ሰዓት የመጣው ፋይል ምን ይሆናል? «ያልፋል» ከተባሉ ውሉን አይፈርሙ። ጥቂት ሰዓት የጠበቀ ደንበኛ ይቅርታ ቢጠየቅ ይረዳል፤ የዓመት ሒሳቧ የጠፋባትን ሠራተኛ ግን ይቅርታ አይክሳትም።