ዥንጉርጉር ሁሉ አንድ አይደለም

ፕሊመዝ ሮክ፣ ዶሚኒክና ኮኮክ አንድ ጓሮ ውስጥ ቢለቀቁ ከሩቅ ለሚያያቸው ሦስቱም ያው ዥንጉርጉር ዶሮ ናቸው። በእኛ ገበያ ደግሞ ዶሮ የሚጠራው በቀለሙ ነው። ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ ተብሎ ዋጋው ይቆረጣል፤ ዘሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዥንጉርጉር ላይ ግን ቀለም ብቻውን ዘር አይለይም። ጥቁሩ አልቆ ነጩ የሚጀምርበትን ጠርዝ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ለውድድር ከተረባ የፕሊመዝ ሮክ አውራ ወገብ ላይ አንዲት ላባ ወስደን ነጭ ወረቀት ላይ እናስተኛት። መስመሮቹ የላባዋን ዘንግ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብለው ያቋርጣሉ። የጥቁሩና የነጩ ስፋት እኩል ነው፤ የላባዋም ጫፍ በቀጭን ጥቁር መስመር ይዘጋል። ጎበዝ ሸማኔ የሸመነው ጥለት ላይ አንዱ ቀለም ወደ ሌላው እንደማይገባ ሁሉ፣ እዚህም ድንበሩ ጥርት ያለ ነው። ጥቁሩ ቡናማ ካዘለ ወይም አረንጓዴ ነጸብራቅ ከሰጠ ዳኛው ነጥብ ይቀንሳል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የተሸፈነው ክፍል ነው። ላባውን በጣት ገለጥ ሲያደርጉት፣ መስመሩ ቆዳው አጠገብ እስካለው ለስላሳ ክፍል ድረስ ይወርዳል።

የዶሚኒክ ላባ ሌላ ነው። መስመሩ ጎበጥ፣ ሰበር ይላል፤ ጠርዙም ደብዘዝ ያለ ነው። ይህ የዘሩ መልክ እንጂ ጉድለት አይደለም። ላባው ካጠራጠረ ራሱን ማየት ነው፤ የዶሚኒክ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ዝርግና ጉብታ የበዛበት ሆኖ ወደ ኋላ በሹል ጫፍ ያልቃል፤ የፕሊመዝ ሮክ ግን ነጠላ፣ ቀጥ ብሎ የቆመና ባለ ጥርስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሲምታቱ ኖረው፣ በ1870 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ዶሚኒክ የሚባለው አናቱ ላይ ዝርግ ሥጋ ያለው ብቻ እንዲሆን ወሰነ።

ጠርዙን የሚያጠራው የላባው የዕድገት ፍጥነት ነው። ላባ እያደገ ሳለ ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ጥቂት ሠርተው ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ነጭ ይሆናል። አዳዲስ ሕዋሳት ሲተኩ ጥቁሩ ይመለሳል። ላባው ቀስ ብሎ ካደገ መስመሩ ጠባብና ጥርት ያለ ይሆናል፤ ከፈጠነ ይደበዝዛል። ስለዚህ የፕሊመዝ ሮክ አርቢዎች ጥርት ያለ መስመር እየመረጡ፣ ላባዋ የሚዘገይባትን ጫጩት አብረው መረጡ።

ይህ መስመር ከጾታ ጋር ተያይዞ የሚወረስ ነው። አውራው ከአባትም ከእናትም ስለሚወርሰው ሁለት እጥፍ አለው፤ ሴቷ ከአባቷ ብቻ ስለምታገኘው አንድ ነው ያላት። በዚህ የተነሳ አውራው ነጣ፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። የውድድር አርቢዎች ይህን ልዩነት አልወደዱትም። አውራና ሴት በቀለም እኩል ሆነው እንዲቀርቡ ሲሉ ሁለት መንጋ ለየብቻ ያረቡ ነበር፤ አንዱ ለውድድር የሚሆኑ አውራዎችን፣ ሌላው ሴቶችን የሚያስገኝ።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም ኮሌጅ ውስጥ ኮኮክን ያወጡት ባለሙያዎች ግን የዘሩ ዓላማ እንቁላልና ሥጋ ስለነበር ልዩነቱን እንዳለ ተጠቀሙበት። ዛሬ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል እኛም ጋ የተሠራጨው ይኸው ዘር ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ታይታ ራሷ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ወንድ፣ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነች ሴት ናት። በመስመር ጥራት ከተመዘነ የፕሊመዝ ሮክን ላባ የሚደርስበት የለም፤ ሴት ጫጩት ለይታ መግዛት ለምትፈልግ አርቢ ግን የኮኮኩ ብልሃት ይበልጥባታል። እኔ ሁለቱንም እጅ ሥራ እላቸዋለሁ፤ አንዱ ልዩነቱን ለማጥፋት የደከመ፣ ሌላው ለልዩነቱ ሥራ የሰጠ።