ሐውልትና ሰላም፤ ስለ ቲምቡክቱና ስለ አኖሌ የቀረበ ሂስ

አንድን ሐውልት «የሰላም ሐውልት» የሚያሰኘው ስሙ ነው ወይስ የሚያሳየው ነገር? ይህን ለመመርመር በሰሐራ በረሃ ጫፍ ባለችው ጥንታዊት ከተማ በቲምቡክቱ የቆመውን የሰላም ሐውልትና፤ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አቅጣጫ በሔጦሳ ወረዳ የቆመውን የአኖሌን ሐውልት ጎን ለጎን እንመለከታለን።

በቲምቡክቱ መጋቢት 18 ቀን 1988 ዓ.ም. 3,000 ያህል የጦር መሣሪያ ተከምሮ፤ ፕሬዚዳንት አልፋ ኡማር ኮናሬ ባሉበት ተቃጠለ። መሣሪያውን ያስረከቡት በሰሜን ማሊ ለዓመታት ሲዋጉ የነበሩት ታጣቂዎች ናቸው። የተቃጠሉት ጠብመንጃዎች ቅሪትም በሐውልቱ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ ይታያል። ስለዚህ ጎብኚው የሚያየው ምኞትን ሳይሆን ባላንጣዎች በገዛ እጃቸው የፈጸሙትን ሥራ ነው።

የአኖሌ ሐውልት በ2006 ዓ.ም. ተመረቀ። በረጅም ዐምድ ላይ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ይታያል። የሚያስታውሰውም ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፤ ከ1874 እስከ 1879 ዓ.ም. ገደማ አርሲን ለማስገበር በተደረገው ዘመቻ ተፈጸመ ተብሎ በአካባቢው ሲነገር የኖረውን የእጅና የጡት ቆረጣ ነው። ስለ ድርጊቱ አፈጻጸምና መጠን የሚደረገውን ክርክር ለታሪክ ተመራማሪዎች እንተወዋለን፤ የእኛ ጉዳይ ሐውልቱ ለተመልካቹ የሚናገረው ነው።

ሐውልቱ ባልተሠራ ነበር ከሚሉት ጋር አንስማማም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና፤ የሐዘንተኛን ቃል በማፈን የሚገኝ ሰላም ሰላም አይባልም። ይሁን እንጂ ሐውልቱ ቁስሉን አሳይቶ በዚያው ያበቃል። የተበዳይ ልጅ ቁጣውን፤ የሌላው ወገን ልጅ ደግሞ መከሰሱን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ሁለቱ በአንድነት የሚቆሙበት ስፍራ አልተዘጋጀላቸውም።

የሚያስገርመው፤ ይህን ስፍራ ለማበጀት ከሩቅ አገር መበደር የማያስፈልግ መሆኑ ነው። የአርሲ ሴት ስታገባ ከእናትዋ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለ በትር አላት። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተፋላሚዎች መካከል ከቆሙ፤ ወንዶቹ እነርሱን አልፈው መዋጋት ነውር ነው። ጡትዋ የተቆረጠው ሴት በሐውልቱ ላይ ተበዳይ ሆና ብቻ ትታያለች፤ ጦርን የማስቆም ሥልጣንዋ ግን አልተቀረጸም። የሐውልቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው እንላለን።

«የቲምቡክቱ ሐውልትስ ምን ጠቀመ? በ2004 ዓ.ም. ከተማይቱ በታጣቂዎች እጅ ወድቃ የቅዱሳን መካነ መቃብሮችዋ ፈርሰው የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሐውልት ጦርነትን አያግድም። ነገር ግን ዕርቅ አንድ ጊዜ ተደርጎ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ አንድ ጊዜ የተደረገውን ደግሞ እንደገና ማድረግ ይቻላል። የፈረሱትም መቃብሮች በከተማይቱ ግንበኞች እጅ ታድሰው በ2007 ዓ.ም. ተመርቀዋል።

ስለዚህ በአኖሌ ከቆመው እጅ አጠገብ፤ እርሱን ሳይተካ፤ ሲንቄ የያዘች ሴት ምስል ብትቆም መልካም ነው እንላለን። ያን ጊዜ ጎብኚው የሆነውን በደል ብቻ ሳይሆን፤ በደል እንዳይደገም መካከል ገብቶ የሚያስቆም እንዳለም አይቶ ይመለሳል።