ስለ ሲቀላ የገበያ መንገድ አንድ አስተያየት

ሒስ ስለ መጽሐፍ ብቻ የሚጻፍ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሰው አስቦ የሠራው፥ ሌላውም ሰው በየቀኑ የሚገለገልበት ማናቸውም ሥራ ሊመረመርና ሊመዘን ይገባዋል። ደስ ያላሰኘንን መጽሐፍ ከድነን ልናስቀምጠው እንችላለን፤ በደጃችን የተሠራውን መንገድ ግን ወደድነውም ጠላነውም ጧት እንወጣበታለን፥ ማታ እንገባበታለን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የአርባ ምንጭን የገበያ ሰፈር፥ ሲቀላን፥ መሠረት አድርገን የገበያ መንገድና አደባባይ ሲታደስ በምን ሚዛን መመዘን እንዳለበት ጥቂት እንናገራለን። አሳባችን የሠሪዎቹን ድካም ለማቃለል እንዳልሆነ አንባቢ አስቀድሞ ይረዳልን።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ የዓባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል እያየች የምትገኝ ከተማ ናት። ዕድሜዋ ረጅም አይደለም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በደጋው ላይ ከነበረችው ከጨንቻ ወደ ቆላው የወረደው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከተማዪቱ በሁለት ወገን አደገች፤ ከፍ ባለው ስፍራ ሴቻ፥ ዝቅ ባለው ሜዳ ሲቀላ። ሴቻ የመሥሪያ ቤት ሰፈር ስትሆን ሲቀላ የነጋዴና የመንገደኛ ሆነች። በመካከላቸው የጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገት አለ፤ ሹሙ ከላይ፥ ገበያው ከታች ነው ማለት ነው። ይህን የምናነሣው ለቀልድ አይደለም። የገበያን መንገድ የሚነድፈው ሰውና በገበያው የሚውለው ሰው ስፍራቸው የተለያየ ሲሆን፥ ነዳፊው ወርዶ መጠየቅ ይገባዋልና ነው።

በሲቀላ የሚሸጠውን ያየ ሰው የጋሞን አገር በሙሉ እንዳየ ይቆጠራል። ከላንቴና ከጫኖ ሙዝ ይመጣል፤ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ ይወጣል፤ ከጨንቻ ደጋ ፖም ይወርዳል፤ የዶርዜ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ይዘረጋል። ባለ ሱቁ በመደብሩ ውስጥ፥ ባለ ሙዟ በመሬት ላይ ይነግዳሉ። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም፤ ሙዝ ሊገዛ የመጣው ሳሙናም ይገዛል፥ ልብስ ሊያሰፋ የመጣው ማንጎ አንጠልጥሎ ይመለሳል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ወራት እነዚህ የመሬት ነጋዴዎች ጥላው ሲዞር ዕቃቸውን እየጎተቱ አብረው ይዞራሉ። የሲቀላን መንገድ ማን ነደፈው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ግማሹን መሐንዲስ፥ ግማሹን ጥላ ነደፈው ብንል ከእውነት አንርቅም።

መንገዱ ብዙ መልክ ለዋውጧል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ከተሞች የኮብልስቶን ሥራ ሲስፋፋ ለአርባ ምንጭም ደርሷታል፤ በአቧራና በጭቃ ፋንታ ወጣቶች ተደራጅተው በመዶሻ የጠረቡት ድንጋይ ተነጠፈ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት አርባ ምንጭም ተካፋይ ሆነች። የዚህ ሥራ መልኩ በየስፍራው የታወቀ ነው፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፥ የብስክሌት መስመር፥ የሌሊት መብራት፥ ሣርና አበባ፥ አንድ ዓይነት ቀለም የተቀባ የሱቅ ፊት።

ለሚመሰገነው ምስጋናውን እንስጥ። እግረኛ ከባጃጅና ከጭነት መኪና ጋር መጋፋቱ ቀርቶ የራሱ መንገድ ሲኖረው ሽማግሌና ሕፃን ነፍሳቸው ዐረፈች ማለት ነው። መብራት ሲበራ፥ ከመሸ በኋላ የሚሸጥ ሰው ተጨማሪ የእንጀራ ሰዓት ያገኛል። መኪና ከራቀ ገበያተኛም ይርቃል ብለው የሚሰጉ ባለ ሱቆች ቢኖሩ፥ በዴንማርክ አገር የኮፐንሃገን ዋና የገበያ መንገድ በ1962 እ.ኤ.አ. ለእግረኛ ብቻ ሲደረግ የዚያ ነጋዴዎችም እንዲሁ ፈርተው እንደ ነበር፥ ኋላ ግን ገበያቸው እንደ ደራ ያስታውሱ። ከሁሉ ይልቅ ልናመሰግነው የሚገባን ግን ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣው፥ ከመሬት በታች የሚቀበረው የውሃ መውረጃ ነው። ሲቀላ የተቀመጠችው በደጋው ግርጌ ስለ ሆነ፥ ከላይ የዘነበው ዝናብ በየቦዩና በኩልፎ ወንዝ በኩል ወደ እርሷ ይወርዳል። በውሃ ምህንድስና ትምህርት የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ በጎርፍ ልትረታ አይገባትም፤ ቦዩ በደንብ ከተሠራና በየጊዜው ከተጠረገ፥ አበባው ቢቀር እንኳ መንገዱ በከንቱ አልታደሰም።

አሁን ወደ ነቀፌታው እንምጣ። የመጀመሪያው የጥላ ነገር ነው። በኮሪደር ሥራ ብዙ ጊዜ የሚተከለው ዘንባባ ነው። ዘንባባ ሲያዩት ያምራል፤ ጥላው ግን ቀጭን ነው። አዲስ አበባ በደጋ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ሰው ፀሓይ ፍለጋ ወደ መንገድ ይወጣል፤ በአርባ ምንጭ ግን ከፀሓይ ሽሽት ወደ መንገድ ዳር ይጠጋል። ስለዚህ ለአንዲቱ የተስማማ ሥዕል ለሌላዪቱ ሲገለበጥ ልኩን ሳይለኩ ልብስ እንደ መስፋት ይሆናል። ዛፍ በሌለበት አገር እንቧጮ አድባር ይሆናል ይባላል። ለአርባ ምንጭ ግን ዛፍ አልጠፋባትም፤ ስሟን ባገኘችባቸው ምንጮች ዙሪያ ባለው ጫካ ግንዱ ብዙ ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ሾላ ቆሟል። በገበያው መንገድ ዳር ሾላውና ዋርካው ቢተከሉ፥ ከሥራቸውም የድንጋይ መቀመጫ ቢደረግ፥ የከተማዪቱ መልክ ከሌላ ከተማ መልክ ተለይቶ ይታወቅ ነበር። ዛፍ እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህ ዛሬውኑ ለመትከል ምክንያት ነው እንጂ ለመተው ምክንያት አይደለም እንለዋለን።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከፊተኛው ይከብዳል። መንገዱ አምሮ ሲያበቃ፥ በመሬት ላይ ትሸጥ የነበረችው ሴት ወዴት ትሂድ? የማዘጋጃ ቤቱን ሹማምንት ችግር አንዘነጋም። ለእግረኛ የተሠራ መንገድ በዘንቢልና በቅርጫት ቢዘጋ ሥራው ከንቱ ይሆናል፤ ግብር የሚከፍለው ባለ ሱቅም ደጄ ተዘጋብኝ ሲል ክርክሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ነጋዴዪቱን ማባረር ይህን ችግር አይፈታም፤ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። ገበያ በፕላን ከመወለዱ አስቀድሞ በሰው ይወለዳልና። በአዲስ አበባ ያለው ሽሮ ሜዳ ዛሬ የባህል ልብስ ገበያ ሆኖ የታወቀው፥ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በዚያ ሰፍረው ሸማቸውን ስለ ሠሩበትና ስለ ሸጡበት ነው።

ገበያን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንቀሳቀስ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አውጥቶ መርካቶ ብሎ ሰየመው፤ ዓላማውም አገሬውን ከአውሮፓውያን ሰፈር ለማራቅ ነበር። ሕዝቡ ግን በተጣለበት ስፍራ ሠርቶ መርካቶን የአገሪቱ ታላቅ ገበያ አደረገው። ይህ የሕዝቡ ትጋት እንጂ የአዛዦቹ ጥበብ አይደለም። ተቃራኒውን ምሳሌ በደቡብ አፍሪካ፥ በደርባን ከተማ እናገኛለን። የዋሪክ መገናኛ በተባለው የገበያ ሰፈር ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የከተማው ሠራተኞች ከመንገድ ዳር ነጋዴዎች ማኅበራት ጋር ተቀምጠው እየተመካከሩ ስፍራውን አደሱት። የባህል መድኃኒት የሚሸጡት ሴቶችና ወንዶች አገልግሎት ባልጀመረ የመኪና ድልድይ ላይ ጥላና መደብ ተሠራላቸው። ስፍራው ጸዳ፥ ነጋዴውም አልተበተነም።

ይህን ለመማር ግን የጋሞ ሰው እስከ ደርባን መሄድ አያስፈልገውም። በጋሞ ደጋ እያንዳንዱ አገር ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ ስፍራ አለው። ዱቡሻ ግንብ የለውም፥ መዝጊያም የለውም፤ ሜዳና ዛፍ፥ መቀመጫ የሚሆን ድንጋይም ያለበት ስፍራ ነው። ተናጋሪው ተነሥቶ አስቀድሞ ይመርቃል፥ ከዚያ በኋላ አሳቡን ይናገራል፤ ነገሩም ሁሉ እስኪስማማበት ድረስ ይመከርበታል። ማርክ አቤለስ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ከአርባ ምንጭ ብዙም ሳይርቅ በገደል ላይ በተሠራው በኦቾሎ ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ካጠና በኋላ፥ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «የፖለቲካ ስፍራ» ብሎ ሰይሞታል። ስያሜው ትክክል ነው፤ ምክር ስፍራ ይፈልጋልና።

የዚህ ሥርዓት ኀይል በከተማም ታይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥፋት ወገኖቻቸው ስለ ሞቱ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቆጥተው ለበቀል ሲነሡ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አደባባይ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም። ሣርን የሰላም ምልክት አድርጎ በሚያከብር ሕዝብ አገር፥ የመንገድ ዳር ሣር «አይረገጥም» ከሚል ሰሌዳ በስተኋላ ለዐይን ብቻ እንዲቀመጥ ማድረግ አሳብን ማጉደል ነው። ሰው የሚቀመጥበት፥ የሚመክርበት፥ ቢጣላም የሚታረቅበት ሣር ያስፈልጋል።

ዱቡሻን ስናመሰግን ግን እንዳንሸነግል። በቀድሞው ልማድ በዱቡሻ ተቀምጠው የሚወስኑት ወንዶች ነበሩ፤ ሸክላ የሚሠሩትና ቆዳ የሚፋቁት ወገኖች ከሴቶች ጋር ከወሳኞቹ አይቆጠሩም ነበር። ገበያ በበኩሉ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሴቲቱም ሸክላ ሠሪዋም ዋጋቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ነገር ግን በገበያ የሚነገረው ዋጋ እንጂ ውሳኔ አይደለም። እንግዲህ የሲቀላ መታደስ ትልቁ ዕድል በዚህ ላይ ያለ ይመስለናል፤ ይኸውም ከዱቡሻ ምክሩን፥ ከገበያ ክፍትነቱን ወስዶ በአንድ ስፍራ ማጋባት ነው። ባለ ሙዟ ስለ መንገዱ የምትጠየቅ ከሆነ፥ አባቶች ያላደረጉትን የዛሬ ሰዎች አደረጉ ይባላል።

ስለዚህ ፍርዳችንን ባጭሩ እናስቀምጥ። በገበያ መንገድ መታደስ ድንጋዩ፥ መብራቱና ቦዩ መልካም መሠረት ናቸው፤ ሥራው ተፈጸመ የሚባለው ግን ሦስት ነገሮች ሲጨመሩበት ነው። አንደኛ፥ ለአገሩ ሙቀት የሚስማማ የጥላ ዛፍ ከነመቀመጫው። ሁለተኛ፥ ለመሬት ነጋዴዎች በዚያው በገበያው ውስጥ የተለካ፥ ጥላ፥ ውሃና መጸዳጃ ያለው መደብ። ሦስተኛ፥ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ባለ ሱቁና ባለ ቅርጫቷ እኩል የሚሰሙበት ጉባኤ፤ ይህም በአዳራሽ ሳይሆን በዚያው በገበያው ዛፍ ሥር ቢደረግ እንወዳለን። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ለዘንባባና ለቀለም ከሚወጣው ይበዛል ብለን አናስብም።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው አንድ ቀን ወደ ገበያ ቢወጡ፥ ማን በጥላ፥ ማን በፀሓይ እንደሚነግድ፥ ማንስ የሚያርፍበት እንዳጣ ቆጥረው በደብተራቸው ቢጽፉ፥ ለማዘጋጃ ቤቱም ቢያቀርቡ፥ ከእኛ ሒስ ይልቅ የእነርሱ ቁጥር ይጠቅማል። በአርባ ምንጭ የኮሪደር ሥራ ገና ወደ ሌሎች መንገዶች የሚቀጥል ከሆነ፥ የሚቀጥለው ሥራ ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ በፊት ከሙዝ ሻጮቹ ጥላ ሥር ቢጀመር ደስታችን ነው።