ሞት ለሕዝብ ምክክር ሲቀርብ፦ የጀርሲ ደሴት ልምድና የእኛ መልስ

በሕክምና የታገዘ ሞትን የሚፈቅድ ሕግ በሕዝብ ምክክር ሲዘጋጅ ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች? ጥያቄው ለአገራችን ሩቅ ይመስላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ማነሳሳትንም መርዳትንም ይቀጣል። ይሁን እንጂ ክርክሩ ውጭ አገር ባሉ ዘመዶችና በመገናኛ ብዙኃን በኩል ወደ ምእመናኖቻችን እየደረሰ ነው። ስለዚህ ሌሎች የሄዱበትን መንገድ መመርመር ይጠቅመናል።

በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የምትገኘውና የራሷ ምክር ቤት ያላት ጀርሲ ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 በደሴቲቱ 23 ነዋሪዎችን ያቀፈ የዜጎች ሸንጎ ተቋቋመ። ባለሙያዎችን ካደመጡ በኋላ 18ቱ ለውጡን ደገፉ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ሐሳቡን በመርህ ደረጃ ተቀበለ፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ምክክር ቀረበ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ምክር ቤቱ በማይድን በሽታ ለሞት ለተቃረቡ ሰዎች እንዲፈቀድ ሲወስን፣ ሞታቸው ላልተቃረበ ነገር ግን ስቃያቸው ለከበደባቸው የቀረበውን ሁለተኛ መንገድ ውድቅ አደረገ።

ሂደቱን በቅንነት እንመዝነው። ተራ ዜጎች ጊዜ ወስደው ተደማምጠዋል፤ የሁለተኛው መንገድ ውድቅ መሆንም ክርክሩ ለይስሙላ እንዳልነበረ ያሳያል። ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ ምክር ቤቱ በመርህ ደረጃ ከወሰነ በኋላ ሕዝቡ የተጠየቀው «ይገባል ወይ?» ሳይሆን «እንዴት ይፈጸም?» ነው፤ ተቃዋሚው የቀረው ድርሻ የጥንቃቄ መስፈርቶችን ማጥበቅ ብቻ ነው። እነዚያም ቢሆኑ ጸንተው አይቆዩም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ስትፈቅድ ተፈጥሯዊ ሞት የሚጠበቅ መሆኑን ቅድመ ሁኔታ አድርጋ ነበር፤ በ2021 ግን አነሳችው። ሁለተኛ፣ ምክክር የብዙዎችን ፈቃድ ይለካል እንጂ «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለውን በሽተኛ ልብ አይለካም። ይህ ሰው መሞትን ቢመርጥ ምርጫው በእርግጥ ነጻ ነውን?

ትችቱ ግን በእነርሱ ላይ ብቻ አያበቃም። በዚህ ጉዳይ ስንሰብክ ብዙዎቻችን ወደ 2ኛ ሳሙኤል 1 እንሮጣለን፤ ሳኦልን በራሱ ልመና ገደልኩት ያለው አማሌቃዊ ተፈርዶበታልና። ነገር ግን 1ኛ ሳሙኤል 31 የሳኦልን አሟሟት በሌላ መንገድ ይተርካል፤ ዳዊትም የፈረደው እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጅ በመነሳቱ ነው። ክፍሉ ስለማንኛውም በሽተኛ የተሰጠ ሕግ አይደለም። ክልከላው በዘፀአት 20፥13ና ሰው በእግዚአብሔር መልክ በመፈጠሩ ላይ ቢቆም ይጠነክራል።

ለእረኝነት ደግሞ 1ኛ ነገሥት 19 ይበልጥ ያስተምራል። ኤልያስ ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር ልመናውን አልፈጸመለትም፤ አልገሠጸውምም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንዲተኛ ተወው፣ ዳግመኛም አበላው። ተልዕኮውን የነገረው ከዚህ በኋላ ነው። ክልከላችን ይህን እንክብካቤ ካላስከተለ ግማሽ መልስ ነው።

ይህ እንደ ፉሪ ባሉ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙ አካባቢዎች ለምናገለግል በተለይ ይከብዳል። ከዋና ከተማዋ ሆስፒታል «ቤቱ ይረፍ» ተብሎ የተመለሰ ታማሚ በኪራይ ቤት ይተኛል፤ የሚያስታምመው የዕለት ሥራውን ይተዋል። መጋቢው ሲጠራ ብዙ ጊዜ ጸልዮ ይሄዳል። ለቤተሰቡ ሊነገር የሚገባው ግን ብዙ ነው፦ የማይጠቅም ሕክምናን ማቆም መግደል አይደለም፤ ሕመምን በሐኪም ትእዛዝ በሞርፊን ማስታገስ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ፈውስ ይመጣል ብሎ መድኃኒት ማስጣል ግን ሕይወትን ማክበር አይደለም።

ስለዚህ ሴሚናሪዎቻችን የማስታገሻ ሕክምናን በእረኝነት ትምህርት ውስጥ ያካትቱ፤ አጥቢያዎችም ለልቅሶ የሚያወጡትን ጉልበትና ገንዘብ ከፊሉን ለአስታማሚዎች ተራ ይመድቡ። በአገራችን እንዲህ ያለ ምክክር ቢከፈት የቤተ ክርስቲያን ቃል የሚደመጠው በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ከቆየች ነው። «ሸክም ሆንኩባችሁ» ለሚለው ሰው የሚበቃው መልስ፣ ሸክሙን የሚጋሩ ሰዎች በየሌሊቱ ሲመጡ ማየቱ ነው።