«ቶኪዮ ፓሪስን በለጠች» ሲባል፣ በማን ሚዛን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ሚሽላን የተባለው የፈረንሳይ የምግብ ቤቶች መምሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እስያ ዘለቀና ቶኪዮን መዘነ። ለ150 ምግብ ቤቶች በድምሩ 191 ኮከብ ሰጠ፤ ፓሪስ ያኔ ከነበራት ይበልጣል። ሦስት ሦስት ኮከብ ካገኙት 8 ቤቶች ውስጥ 3ቱ የፈረንሳይ ምግብ የሚሠሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ «ቶኪዮ ፓሪስን በለጠች» የሚለው ወሬ ይደጋገማል። እኔ ግን ይህ አባባል ደካማ ሂስ ነው ባይ ነኝ። ቁጥሩ ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ዋናውን ታሪክ ስለሚሸፍን ነው እንጂ።

ቶኪዮ ውስጥ የምዕራባውያን ገበታ ሲጀመር ነገሩ የጣዕም ብቻ አልነበረም። በጃፓን ለብዙ መቶ ዓመታት የከብት ሥጋ መብላት እንደ ነውር ይታይ ነበር። በ1872 ግን ንጉሠ ነገሥት ሜጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው ለሕዝብ ተነገረ። በ1883 ደግሞ መንግሥት ሮኩሜይካን የሚባል የግብዣ አዳራሽ አሠራ። ባለሥልጣናቱ ከነሚስቶቻቸው የአውሮፓ ልብስ ለብሰው፣ በፈረንሳይ ምግብና በዳንስ የውጭ ዲፕሎማቶችን ያስተናግዱ ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፦ «እኛም ሥልጡን ነንና ያስፈረማችሁንን እኩል ያልሆነ ውል አሻሽሉልን» ለማለት። ታዲያ ምን ተገኘ? ፈረንሳዊው ጸሐፊ ፒየር ሎቲ ግብዣው ላይ ተገኝቶ፣ በልቶና ጨፍሮ ሲያበቃ አላገጠባቸው። የውሉ ድርድርም ስላልተሳካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኢኖዌ ካኦሩ በ1887 ሥልጣን ለቀቁ። ለሌላ ሰው ዓይን የተዘረጋ ገበታ ዕጣው ይህ ነው።

ሌላ መንገድ ግን ነበር። በ1895 ጊንዛ ሠፈር ሬንጋቴይ የተባለ ምግብ ቤት ተከፈተ። የፈረንሳዩን ኮትሌት ወስዶ የአሳማ ሥጋ አደረገው (ለእኛ ባይፈቀድም ታሪኩን መስማት ይፈቀዳል)፣ በብዙ ዘይት ጠበሰው፣ ጥሬ ጎመን በቀጭኑ ከትፎ ከጎኑ አኖረ፣ ከሩዝ ጋርም አቀረበው። ማንንም ለማስደነቅ አልነበረም፤ ደንበኛው በሚወደው መንገድ ለማብላት ነው። ዛሬ እኮ ያንን ምግብ «የምዕራብ» ብሎ የሚቆጥረው ጃፓናዊ ጥቂት ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ሁለቱም መንገዶች አሉ። ኤቢሱ ውስጥ፣ ድሮ የቢራ ፋብሪካ በነበረበት ቦታ፣ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የሚመስል ሕንጻ ቆሟል፤ በ1994 የተከፈተው የዦኤል ሮቡሾን ምግብ ቤት ነው። ምግቡ በዓለም የታወቀ ነው፤ ሕንጻው ግን ለእኔ ሁለተኛው ሮኩሜይካን ነው። የሚገርመው ሮቡሾን ራሱ ከቶኪዮ የወሰደው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። በ2003 ቶኪዮና ፓሪስ በከፈታቸው «አቴሊየ» ቤቶች እንግዳውን እንደ ሱሺ ቤት ባንኮኒ ላይ፣ ምግብ ሠሪው ፊት ለፊት አስቀመጠው። አስተማሪው ከተማሪው ተማረ ማለት ነው። ይህን የትኛው ኮከብ ይቆጥረዋል?

ናሪሳዋ ዮሺሂሮንም ተመልከቱ። አውሮፓ ተምሮ ተመለሰ፤ ቶኪዮ ላይ የከፈተው ቤት መጀመሪያ የፈረንሳይኛ ስም ነበረው፤ ኋላ ግን የራሱን ስም ብቻ አስቀረ። የዳቦው ሊጥ እንግዳው ፊት ጠረጴዛ ላይ ኩፍ ይልና እዚያው ይጋገራል፤ ከአፈር የተሠራ ሾርባም አቅርቧል። ሙያው የአውሮፓ፣ ጫካውና አፈሩ የጃፓን። ሆኖም በ2013 «የእስያ አንደኛ» ያለው ዝርዝር የአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። ሚዛኑ አሁንም ከውጭ መጣ።

ሽልማት አይጠቅምም አልልም፤ እንግዳ ያመጣል፣ ገበያ ይከፍታል። ሂስ ግን ኮከብ ቆጥሮ ማቆም የለበትም። መጠየቅ ያለብን ሌላ ነው፦ ገበታው የተዘረጋው ለማን ዓይን ነው? ማን ከማን ተማረ? መቶ ዓመት ቆይቶ የከተማው ሰው «የእኔ ነው» የሚለው የትኛውን ምግብ ነው? በዚህ ሚዛን ከሄድን፣ ቶኪዮ ያሸነፈችው ሚሽላን ከመምጣቱ በፊት፣ ገና በዚያች ሩዝና ጎመን ባላት ሳህን ነው።